የዱር ዕፅ ከመናቁም ከመጠጣቱም በፊት ይፈተን

በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል እንዲሉ፣ በየደጃችንና በየአጥራችን ሥር የበቀለውን ዕፅ ከቁም ነገር ሳንቆጥረው የምናልፍበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። በአንጻሩ ደግሞ ያው ዕፅ ተቀምሞ በብርሌ ሲቀርብልን ምንነቱን፣ መጠኑንና ጉዳቱን ሳንጠይቅ ዐይናችንን ጨፍነን የምንጠጣው አያሌ ነን። እነዚህ ሁለት አድራጎቶች ላይ ላዩን ሲታዩ የሚቃረኑ ይመስላሉ። ምንጫቸው ግን አንድ ነው፤ ይኸውም አለመመርመር ነው። የናቀውም ሳይመረምር ናቀ፤ ያመነውም ሳይመረምር አመነ። በዛሬው ጽሑፋችን ልናስገነዝብ የምንወደው ከሁለቱም የሚሻለውን ሦስተኛ መንገድ ነው፤ እርሱም ዕፁን በቤተ ሙከራ መፈተን፣ የተፈተነውንም እስከ ፍጻሜው ማድረስ ነው።

ነገሩን በማስረጃ እንጀምር። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በ1964 ወጣቱ ተመራማሪ አክሊሉ ለማ የቢልሃርዝያን በሽታ ለማጥናት ወደ አድዋ ሄዶ ነበር። ቢልሃርዝያ በሰው የደም ሥር ውስጥ የሚኖር ትል የሚያመጣው በሽታ ነው። የትሉ ዕንቁላል ከሰው ዐይነ ምድር ወይም ሽንት ጋር ወደ ውሃ ሲገባ ይፈለፈላል፤ የተፈለፈለውም ወደ ቀንድ አውጣ ገብቶ ይራባል፤ ከቀንድ አውጣውም በብዛት ወጥቶ በውሃው ውስጥ የቆመውን ሰው ቆዳ እየበሳ ይገባል። ስለሆነም ውሃ የሚቀዳው ልጅ፣ ልብስ የምታጥበው እናት፣ ወንዝ የሚሻገረው ወታደርና መስኖ የሚያጠጣው ገበሬ ሁሉ ለአደጋው የተጋለጡ ናቸው።

አክሊሉ ለማ በወንዙ ዳር ሲመለከት፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ተንሳፈው አየ። እንዶድ ነጠላና ጋቢ ሲያነጣ የኖረ፣ በአገራችን እናቶች ዘንድ ከሳሙና በፊት የታወቀ ዕፅ ነው። ልብስ የሚያጥበውም፣ ቀንድ አውጣውን የሚገድለውም በፍሬው ውስጥ ያለው፣ ሳፖኒን የተባለው አረፋ የሚያወጣ ንጥረ ነገር ነው። ይህንን ያየ ሰው ከእርሱ በፊት አልነበረም ለማለት አንችልም። ልዩነቱ እርሱ ያየውን በጥያቄ መያዙ፣ ጥያቄውንም ወደ ቤተ ሙከራ መውሰዱ ነው።

ከዚያ በኋላ የተደረገው ሥራ በአንድ ቀን ያለቀ አይደለም። በአድዋ ከተማ ከ1969 እስከ 1974 ድረስ ለአምስት ዓመታት ያህል የእንዶድ ዱቄት በወንዞቹ ውስጥ እየተጨመረ ውጤቱ ተለካ። ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 6 ዓመት ከሆኑት ሕፃናት መካከል የበሽታው ተጠቂዎች ቁጥር ከመቶ 50 ወደ መቶ 7 ዝቅ ማለቱ ተዘገበ። ለገሠ ወልደ ዮሐንስ የተባለው የእርሻ ሊቅ ደግሞ ከልዩ ልዩ ክፍለ ሀገር የተሰበሰቡትን የእንዶድ ዝርያዎች እያነጻጸረ፣ ብርታቱም ምርቱም የላቀውን ቁጥር 44 የተባለውን ዝርያ መረጠ። ሁለቱም ሊቃውንት በ1989 ዓለም አቀፉን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ።

እስከዚህ ድረስ ያለው የሚያኮራ ነው። ሆኖም ልብ ሊባል የሚገባው ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። እንዶድ በዓለም ዙሪያ በሥራ ላይ እንዲውል ሲጠየቅ፣ ለሰውና ለእንስሳ ጉዳት የሌለው መሆኑ በታወቀ ደንብ በሚሠራ ቤተ ሙከራ ይረጋገጥ የሚል መልስ ተሰጠ። ያን ጊዜ እንዲህ ያለውን ፈተና በሚፈለገው ደንብ አካሂዶ መልስ የሚሰጥ ቤተ ሙከራ በአገራችን አልነበረም። ጉዳዩ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲንከባለል ቆይቶ፣ በካናዳ የዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማዕከል ድጋፍ የመርዛማነቱ ምርመራ ተካሂዶ፣ ዕፁ ዐይንን ክፉኛ የሚቆጠቁጥና ዓሣን የሚጎዳ ቢሆንም በአግባቡ ከተያዘ በሰው ላይ የሚያደርሰው አደጋ ዝቅተኛ መሆኑ እስኪታወቅ ድረስ ከግኝቱ ዕለት ጀምሮ ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል አለፈ። በዚህ መካከል ፕራዚኳንቴል የተባለው የሚዋጥ መድኃኒት ወጥቶ የዓለም ፊት ወደዚያው ዞረ።

አንዳንዶች ይህንን ታሪክ ሲያወሱ ጥፋቱን ሁሉ በውጭ አገር ሰዎች ላይ ይጭኑታል። እኛ ግን በዚህ አንስማማም። ወንዝ ውስጥ የሚጨመር፣ ሕዝብም ከብትም የሚጠጣው ነገር ይፈተን ማለት ስሕተት አይደለም። ጉዳቱ ለጥያቄው በራሳችን እጅ መልስ መስጠት አለመቻላችን ነበር። የራሱን ዕፅ ራሱ መፈተን የማይችል አገር፣ የሌላውን ፈቃድና የሌላውን ገንዘብ ሲጠብቅ ልጆቹ ከወንዝ ዳር በሽታ እየተሸከሙ ይመለሳሉ። የእንዶድ ትምህርት ይህ ነው ብለን እናምናለን።

በዚሁ በእንዶድ ነገር ላይ ሌላም የሚነሣ አለ። በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ውስጥ የተራባ አንድ ዓይነት ቅርፊታም የውሃ እንስሳ የውሃ ቧንቧዎችን እየደፈነ ሲያስቸግር፣ እንዶድ ያንን እንስሳ የሚገድል መሆኑ በቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ተረጋገጠ። በ1990ዎቹም በዚያው በአሜሪካ የባለቤትነት መብት ተመዘገበበት። እንዶድን ከትውልድ ወደ ትውልድ ያቆዩት የወንዝ ዳር እናቶች ግን የዚያ መብት ተካፋይ አልሆኑም። ከዚህ በኋላ በ2006 የወጣው፣ ስለ ጀነቲክ ሀብትና ስለ ማኅበረሰብ ዕውቀት የሚናገረው አዋጅ ቁጥር 482/1998 ማኅበረሰቡ ለጠበቀው ዕውቀት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ሕጉ መኖሩ መልካም ነው። ነገር ግን ያልተመዘገበና ያልተፈተነ ዕውቀት በፍርድ ፊት ለመቆም አቅም የለውም፤ ስለዚህ ሕጉን የሚያጸናው ቤተ ሙከራው ነው።

አሁን ደግሞ ወታደሩን በቅርብ የሚነካውን ምሳሌ እናንሣ። ወባ ከጥይት ይልቅ ብዙ ሠራዊት የፈጀባቸው ጦርነቶች በታሪክ ተመዝግበዋል። ዛሬ በቋንቋችን ኪኒን የምንለው ቃል ራሱ፣ በደቡብ አሜሪካ ተራሮች ላይ ከሚበቅል ዛፍ ልጥ የተገኘውና በ1820 ሁለት ፈረንሳውያን ሊቃውንት ለይተው ያወጡት የወባ መድኃኒት ስም ነው። የአንድ ዕፅ ስም የመድኃኒት ሁሉ ስም ሆኖ ቀረ ማለት ነው። ወባው ለታወቁት መድኃኒቶች አልበገር ሲል፣ በሰሜን ቬትናም ጦር ላይ የደረሰውን እልቂት ምክንያት በማድረግ የቻይና መንግሥት በግንቦት 23 ቀን 1967 ፕሮጀክት 523 የተባለ ወታደራዊ ምርምር በምሥጢር ጀመረ።

በዚህ ሥራ የተሰለፈችው ቱ ዩዩ የተባለች ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር ከሁለት ሺህ የሚበልጡ የጥንት መድኃኒት አቀማመሞችን ሰበሰበች። ከ200 ያህል ዕፀዋት 380 ጭምቆች ተዘጋጅተው ወባ በያዛቸው አይጦች ላይ ተሞከሩ። ቺንግሃው የተባለው ዕፅ አንድ ጊዜ ሲሠራ፣ ሌላ ጊዜ ሲከሽፍ አስቸገረ። ተመራማሪዋ ወደ ጥንቱ መጽሐፍ ተመልሳ ብትመለከት፣ ከ1600 ዓመታት በፊት የነበረው ሐኪም ዕፁን በቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፎ ይጨመቅ አለ እንጂ ይፈላ አላለም። ሙቀቱ ኃይሉን ሳያጠፋው አልቀረም ብላ በዝቅተኛ ሙቀት በሚተን ኢተር ብታወጣው፣ በጥቅምት 1971 ቁጥር 191 የተባለው ጭምቅ በአይጦቹ ደም ውስጥ የነበረውን የወባ ተውሳክ ፈጽሞ አጠፋ። በ1972 ለበሽተኞች ከመሰጠቱ በፊት ተመራማሪዋና ባልደረቦቿ በራሳቸው ላይ ሞከሩት። አርቴሚሲኒን የተባለው መድኃኒት እንዲህ ተገኘ፤ በ2015ም የኖቤል ሽልማት አስገኘላት። አገራችንም ከ2004 ጀምሮ ከዚሁ ዘር የሆነውን መድኃኒት ለወባ ሕክምና መርጣለች።

ይህ ታሪክ የሚያስተምረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው የጥንቱ ዕውቀት እውነተኛ ፍንጭ መያዙ ነው። ሁለተኛው ግን ፍንጩ ብቻውን አለመብቃቱ ነው። ያው ዕፅ ሲፈላ ኃይሉን ያጣ ነበር፤ በትክክል ሲወጣ ግን የሚሊዮኖችን ነፍስ አዳነ። በአገራችን ጭቁኝና አሪቲ የሚባሉት ሽቱ ዕፀዋት የዚያ የቻይናው ዕፅ ዘመዶች ቢሆኑም እርሱን አይተኩም። ዘመድ ነውና ያድናል ብሎ የወባን ትኩሳት በአሪቲ ጭማቂ ለማስታገስ መሞከር ሕይወትን ለአደጋ መስጠት ነው። ትኩሳት የያዘው ወታደርም ሆነ የከተማ ነዋሪ ደሙን ይመርመር፤ የታዘዘለትንም መድኃኒት አንዲት ፍሬ ሳያስቀር ይጨርስ።

ለመሆኑ መፈተን ማለት ምን ማለት ነው? ዕፁ በመጀመሪያ ከነቅጠሉ፣ ከነአበባውና ከነፍሬው ተሰብስቦ የበቀለበት ሥፍራ፣ የተቆረጠበት ወርና የአካባቢው ስም ይጻፍለታል፤ ናሙናውም ደርቆ በዕፀዋት ቤተ መዘክር ይቀመጣል። ይህ ከንቱ ድካም አይደለም፤ በአንዱ አውራጃ አንድ ስም ያለው ዕፅ በሌላው አውራጃ ሌላ ዕፅ ሊሆን ይችላልና። ከዚያም በጥላ ደርቆ ይፈጫል። በውሃ፣ በአልኮልና በሌሎችም ፈሳሾች ተዘፍዝፎ ጭምቁ ይወጣል። ጭምቁ በበሽታው ተህዋስ ላይ ይሞከራል። ኃይል ካሳየ በክፍል በክፍል ይለያያል፤ ኃይሉ የተገኘበት ክፍል ብቻ እንደገና ይከፈላል። በመጨረሻም ኃይሉን የተሸከመው ንጥረ ነገር ብቻውን ተለይቶ ይታወቃል። ከዚህ ቀጥሎ መጠኑ፣ ለጉበትና ለኩላሊት ያለው ጉዳት በእንስሳ ላይ ይመረመራል። በእነዚህ ሁሉ ካለፈ ብቻ፣ በሐኪም ጥበቃና በፈቃደኛ ሰዎች ላይ፣ ከጥቂት ወደ ብዙ እያደገ ይሞከራል።

ከነዚህ ደረጃዎች አንዱን ብቻ ይዞ መድኃኒት ተገኘ ብሎ ማወጅ ሕዝብን ማታለል ነው። በብልቃጥ ውስጥ ተህዋስን የገደለ ሁሉ መድኃኒት ቢሆን ኖሮ በረኪናም መድኃኒት በሆነ ነበር። በሚያዝያ 2020 የኮሮና ወረርሽኝ ዓለምን ባስጨነቀበት ወራት፣ የማዳጋስካር መንግሥት ከአርቴሚሲያ ቅጠል የተዘጋጀ መጠጥ ፈዋሽ ነው ብሎ አወጀ፤ ለተማሪዎች ሳይቀር ታደለ። ፈዋሽነቱን የሚያሳይ በሰው ላይ የተደረገ በቂ ፈተና ግን አስቀድሞ አልቀረበም ነበር። ወረርሽኙም በዚያች አገር መስፋፋቱን አላቆመም። የመንግሥት ቃል የቤተ ሙከራን ሥራ ሊተካ እንደማይችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

የፈተናው መንገድ ረጅምና አድካሚ መሆኑንም አንሸሽግም። ከ1960 ጀምሮ ለሃያ ዓመታት ያህል የአሜሪካ የካንሰር ተቋም ከመቶ ሺህ የሚበልጡ የዕፀዋት ጭምቆችን መርምሮ፣ ከዚያ ሁሉ ለታላቅ መድኃኒትነት የበቁት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ከተመረመሩት መካከል ከኢትዮጵያ የተሰበሰበ፣ የአጣጥ ወገን የሆነ ቁጥቋጦ ይገኝበት ነበር። በ1972 ሜይታንሲን የተባለ ንጥረ ነገር ከእርሱ ተለይቶ ወጣ። የካንሰር ሕዋስን የመግደል ኃይሉ እጅግ ብርቱ ነበር፤ ለበሽተኞች ሲሰጥ ግን ጤነኛውንም አካል ስለጎዳ ተተወ። ከአራት አሥርት ዓመታት በኋላ፣ የዚሁ ንጥረ ነገር ልጅ የሆነው ቅመም የካንሰሩን ሕዋስ ለይቶ ከሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ጋር ተጣምሮ፣ በ2013 ለጡት ካንሰር መድኃኒትነት በአሜሪካ ተፈቀደ። ለአጥርና ለማገዶ የምንቆርጠው ቁጥቋጦ ወገኖች እንዲህ ያለ ነገር ተሸክመዋል። ሆኖም ሥራው ከመነሻው እስከ መድረሻው የተከናወነው በሌላ አገር ቤተ ሙከራ ነው።

መርዝና መድኃኒት የሚለያዩት በመጠን መሆኑን ኮሶ ራሱ ያስተምረናል። ኮሶ ሆድ ውስጥ ያለውን ትል የሚያስወጣ መሆኑ ከአያቶቻችን ጀምሮ የታወቀ ነው፤ በ19ኛው መቶ ዓመትም የአውሮፓ ሐኪሞች ሳይቀሩ ይዘውት ነበር። ነገር ግን መጠኑ ሲበዛ የዐይንን ብርሃን እስከ ማጥፋት የሚያደርስ ጉዳት እንዳለው በሕክምና ተመዝግቧል። በጭብጥ የሚለካ መድኃኒት በእያንዳንዱ እጅ ልክ ይለያያል፤ የአንዱ ዛፍ አበባም ከሌላው ዛፍ አበባ በኃይሉ አይመሳሰልም። ስለዚህ አባቶቻችን ኮሶን በማወቃቸው እናመሰግናቸዋለን፤ መጠኑን መለካት ግን የእኛ ዕዳ ነው።

ከሁሉም ይልቅ የሚያሳዝነው መድኃኒት የተባለው ነገር ጊዜን ሲሰርቅ ነው። ያበደ ውሻ የነከሰው ሰው ወደ ጤና ጣቢያ መሄዱን ትቶ ሥርና ቅጠል ሲጠጣ የሚሰነብትበት ቤት ብዙ ነው። የውሻ በሽታ ምልክቱ አንድ ጊዜ ከታየ በኋላ የሚመልሰው መድኃኒት የለም ለማለት ይቻላል። ከምልክቱ በፊት ግን ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በውሃ ለ15 ደቂቃ ማጠብና ክትባቱን በጊዜው መከተብ ሰውን ከሞት ያድናል። የጠጣው ሥር መርዝ ባይሆን እንኳ፣ ያሳለፈው ሳምንት ገዳይ ሆነበት ማለት ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? በመጀመሪያ፣ የባህል መድኃኒት ዐዋቂዎች ያላቸውን ዕውቀት ከመቃብር ጋር እንዳይቀብሩት መግባባት ያስፈልጋል። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ መድኃኒቱን የሸሸገም ለልጁ አያወርሰውም። ዐዋቂው ምሥጢሩን የሚደብቀው ክፋት ይዞት ሳይሆን እንጀራውን እንዳያጣ ፈርቶ ነው። ስሙ ተመዝግቦ፣ ድርሻው በሕግ ታውቆለት ከተጠየቀ የማይናገርበት ምክንያት አይኖርም። እንደ ባለሙያ ይከበር እንጂ እንደ ጠንቋይ አይሳቅበት።

ሁለተኛ፣ ፈተናው ከጥቅሙ በፊት ከጉዳቱ ይጀምር። ሕዝቡ በየቀኑ የሚጠጣቸው ዕፀዋት ታውቀው፣ ጉበትንና ኩላሊትን የሚጎዱት፣ እርጉዝ ሴት ልትነካቸው የማይገባት፣ ከሐኪም መድኃኒት ጋር የሚጣሉት ተለይተው ይነገሩ። ይህ ሥራ አዲስ መድኃኒት ከማግኘት ይልቅ ፈጥኖ የሚደረስበትና ዛሬውኑ ነፍስ የሚያድን ነው።

ሦስተኛ፣ ዩኒቨርሲቲዎቻችንና የምርምር ተቋሞቻችን የጀመሩትን እስከ መጨረሻው ያድርሱ። ጭምቁ ተህዋስ ገደለ ተብሎ የተጻፈ የመመረቂያ ጽሑፍ መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ ለበሽተኛው የሚጠቅመው ነገር የለም። የዕፀዋቱ ሊቅ፣ የኬሚስትሪው ሊቅ፣ ሐኪሙና መድኃኒት አምራቹ በአንድ ገበታ ካልተቀመጡ፣ እያንዳንዱ የየራሱን ጫፍ ይዞ ገመዱ ሳይገመድ ይቀራል።

አራተኛ፣ ዕፁ ራሱ ይጠበቅ። ሥሩ የሚቆፈር ዕፅ፣ ልጡ የሚላጥ ዛፍ ተተኪ ካልተተከለለት ይጠፋል። ከጠፋም በኋላ የሚፈትነው ቤተ ሙከራ ቢሠራ ትርፉ ጸጸት ነው።

ለአንባቢያን የምንለው አጭር ነው። የጠጣችሁትን ሥርና ቅጠል ከሐኪም አትደብቁ፤ ሐኪሙም ሳይቆጣ ይስማችሁ። በግዳጅ ላይ ያለው ወታደር ለይቶ የማያውቀውን ሥር ከበረሃ ነቅሎ አይቅመስ፤ ጓዱም አያቅምሰው። እናቶች ለሕፃናት የሚሰጡትን ከመስጠታቸው በፊት ይጠይቁ።

የአድዋ እናቶች እንዶድን ያገኙት ልብስ ሊያጥቡበት ነበር፤ ልጆቻቸውን ከሚያስጨንቀው በሽታ የሚከላከል ኃይል በእጃቸው እንዳለ የታወቀው ግን አንድ ሰው ቆሞ ስለጠየቀና ስለለካ ነው። እንዲህ ያለው ጠያቂ በየጤና ጣቢያውና በየትምህርት ቤቱ እንዲበዛ፣ ጥያቄውንም ይዞ የሚገባበት ቤተ ሙከራ በገዛ አገሩ እንዲያገኝ ማድረግ የዚህ ትውልድ ግዴታ ነው እንላለን።